ያ የፊልም ዘፈን የትኛው ቅጂ ነበር? ከመምረጣችሁ በፊት የሚነጻጸሩ ነገሮች

ፊልሙ አለቀ። አንድ ዘፈን ግን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ቀረ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ርዕሱን ስትጽፉ አንድ ሳይሆን ስድስት ሰባት ይደረደርላችኋል። አንዱ «ከፊልሙ» ይላል። ሌላው «ሲንግል»፣ ሌላው «እንደገና የተቀረጸ»፣ ሌላው ደግሞ ጨርሶ የማታውቁት ሰው የዘፈነው ነው። የመጀመሪያውን ትነካላችሁ። ዜማው ያው ነው። ግጥሙም ያው ነው። ፊልሙ ላይ አንጀታችሁን የበላው ነገር ግን የለም።

ጆሯችሁ አልተሳሳተም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ፊልሙ ላይ የሰማችሁት ቅጂ አይደለም።

«ከፊልም ዘፈኖች ሁሉ የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ሁሉም የየራሱን ይዞ ድርቅ ይላል። የሚጠቅመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ዘፈኑን የፈለጋችሁት ትዕይንቱን መልሳችሁ ለማግኘት ነው ወይስ ዘፈኑን ለራሱ ወዳችሁት? መልሱ የቅጂውንም የአልበሙንም ምርጫ ይለውጠዋል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ይህን አውቃችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ ላይ የተሰማው ወይስ ለገበያ የወጣው?

ዋናው ምርጫ ይኼ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው።

በ1969 የወጣው «ቡች ካሲዲ ኤንድ ዘ ሰንዳንስ ኪድ» ውስጥ ፖል ኒውማን ብስክሌት ላይ ሆኖ ሲቀልድ የሚሰማ ዘፈን አለ፤ «ሬይንድሮፕስ ኪፕ ፎሊን ኦን ማይ ሄድ» ይባላል። ዘፋኙ ቢ. ጄ. ቶማስ ለፊልሙ ሲቀርጽ ጉሮሮውን ታሞ ገና እያገገመ ነበር። ድምፁ ሻከር ይላል። መሐል ላይ ዘፈኑ ቆም ይልና የሰርከስ የሚመስል ፈጣን ሙዚቃ ይገባል፤ ኒውማን ብስክሌቱ ላይ ትርኢቱን የሚያሳየው ያኔ ነው። በ1970 መጀመሪያ የአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አናት ላይ የወጣው ሲንግል (ለብቻው ለገበያ የቀረበው ቅጂ) ግን ጉሮሮው ከዳነ በኋላ የተቀረጸ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ የሰርከሱ ሙዚቃም የለበትም። መኪና ውስጥ ልስማው ካላችሁ ሲንግሉ ይሻላል። ያንን ብስክሌት በዓይነ ሕሊናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ከሻካራው ሌላ ምርጫ የላችሁም።

«ሮኪ 3» ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሲልቬስተር ስታሎን መጀመሪያ የፈለገው የኲን ባንድን አንድ ዘፈን ነበር፤ ፈቃድ አላገኘም። ከዚያ ሰርቫይቨር የሚባለውን ባንድ አዲስ ዘፈን እንዲሠሩለት ጠየቀ፤ «አይ ኦፍ ዘ ታይገር» መጣ። በ1982 ፊልሙ ላይ የገባው ለሙከራ የተቀረጸው ዲሞ ነው። ሬዲዮ ላይ የምንሰማው በኋላ ተስተካክሎ የተሠራው ነው። ልዩነቱን ካላሳዩት በቀር ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔም እዚህ ላይ አላካብድም። ስፖርት ስትሠሩ የምትሰሙት ከሆነ የቱም ቢሆን ያው ነው።

አደገኛው «አንቼይንድ ሜሎዲ» ነው። «ጎስት» የተባለው የ1990 ፊልም ላይ ዴሚ ሙር ሸክላ ስትሠራ የሚሰማው ማለቴ ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ የወጣው በ1955 «አንቼይንድ» ለተባለ የእስር ቤት ፊልም ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው። እኛ የምናውቀው ራይቸስ ብራዘርስ የተባሉት ሁለት ዘፋኞች በ1965 የቀረጹት ነው። የዘፈነው ከሁለቱ ቦቢ ሃትፊልድ ብቻውን ነው። «ጎስት» ሲወጣ ሰው ሁሉ ዘፈኑን መፈለግ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ዘፋኞች በ1990 እንደገና ቀረጹት። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ወቅት ሰንጠረዥ ውስጥ ጎን ለጎን ገቡ! ዘፋኙ አንድ፣ ርዕሱ አንድ፣ የቡድኑ ስም አንድ፤ በመሐላቸው ግን ሃያ አምስት ዓመት አለ። ፊልሙ ላይ ያለው የ1965ቱ ነው። መጨረሻ ላይ ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይለያል፤ የወጣትነቱ ጉሮሮ ሌላ ነው። ስታወርዱ ዓመቱን ሳታዩ አትንኩ።

አንዳንዴ ደግሞ የፊልሙ ቅጂ ለብዙ ዘመን ጭራሽ ገበያ ላይ አይኖርም። «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» በ1961 ሲወጣ ኦድሪ ሄፕበርን ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ፣ ጊታር ይዛ «ሙን ሪቨር»ን ትዘፍናለች። ሄንሪ ማንቺኒ ዜማውን የሠራው የእሷን ጠባብ ድምፅ ለክቶ ነው፤ ዘፋኝ ስላልነበረች ድምፁ ከአንድ ኦክታቭ (ከስምንት ተከታታይ የዜማ ድምፆች) ብዙም እንዳይዘል አድርጎታል። ዜማው እንዲያ ቀላል፣ ማንም የሚያንጎራጉረው የሆነው ለዚህ ነው። በጊዜው በወጣው አልበም ላይ ግን የእሷ ድምፅ አልገባም። በኅብረ ድምፅና በኦርኬስትራ ነው የተሠራው። የሄፕበርን ቅጂ በይፋ የወጣው በ1993 ካረፈች በኋላ ነው። አንዲ ዊሊያምስም ዘፍኖታል፤ በ1962 የኦስካር መድረክ ላይ ያቀረበው እሱ ነው፤ ብዙ ሰው የእሱ ዘፈን ይመስለዋል። ድምፅ ካላችሁ ዊሊያምስ ይበልጣል፤ ክርክር የለውም። እኔ ግን የሄፕበርንን አልለቅም። ዘፈኑ ስለ አንዲት የት እንደምትደርስ ስለማታውቅ ሴት ነው፤ በራስ መተማመን የሞላው ድምፅ ሲዘፍነው የሆነ ነገር ይጎድላል።

ተቃራኒውም አለ። «ዘ ግራጁዌት» ላይ ያለው «ሚስስ ሮቢንሰን» ፊልሙ ላይ ሙሉ ዘፈን አይደለም። በ1967 ፊልሙ ሲወጣ ሳይመንና ጋርፈንክል ዘፈኑን ገና አልጨረሱትም ነበር። ቁርጥራጭ ነው የምንሰማው፤ እዚህ ጊታር፣ እዚያ «ዲ ዲ ዲ» የሚል ድምፅ። የፊልሙን አልበም ብታወጡት የምታገኙት ያንኑ አጫጭር ቅጂ ነው። ሙሉው ዘፈን ያለው በ1968 በወጣው «ቡክኤንድስ» በተባለው አልበማቸው ላይ ነው። እዚህ ላይ ያለ ምንም ማመንታት ፊልሙን ትቼ ሙሉውን እወስዳለሁ። ግማሽ ዘፈን ምን ይሠራል?

የካርቱን ፊልሞች ላይ ደግሞ ነገሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ዲዝኒ ከ1991 ጀምሮ አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ ያስቀርጻል፤ አንዱ ገጸ ባሕርይዋ ፊልሙ ውስጥ የምትዘፍነው፣ ሌላው ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ሲወርድ ታዋቂ ድምፃዊ የሚዘፍነው። «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት»ን አንጄላ ላንስበሪ ፊልሙ ላይ፣ ሴሊን ዲዮንና ፒቦ ብራይሰን መጨረሻው ላይ ዘፍነውታል። «አላዲን» ላይ «ኤ ሆል ኒው ወርልድ»ን ብራድ ኬንና ሊያ ሳሎንጋ ለገጸ ባሕርያቱ ዘፈኑት፤ በ1993 ሰንጠረዡ ላይ አንደኛ የሆነው ግን የፒቦ ብራይሰንና የሬጂና ቤል ነው። «ላየን ኪንግ» ላይ ኤልተን ጆን አለ። «ፍሮዝን» ላይ «ሌት ኢት ጎ»ን አይዲና ሜንዜል ኤልሳን ሆና፣ ዴሚ ሎቫቶ ደግሞ ስም ሲወርድ ዘፍነውታል።

እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ አጭር ነው። ገጸ ባሕርይዋ የዘፈነችውን ውሰዱ። «ሌት ኢት ጎ» ላይ የፊልም ሠሪዎቹ ራሳቸው ዘፈኑን ከሰሙ በኋላ ነው ኤልሳ ክፉ ገጸ ባሕርይ መሆኗ የቀረው። ታሪኩ በዘፈኑ ምክንያት ተቀየረ። ሜንዜል ስትጀምረው ድምፅዋ ዝቅ ያለና የፈራ ነው፣ መጨረሻው ላይ በሩን ዘግታ ትገባለች። የሎቫቶ ቅጂ ጥሩ የፖፕ ዘፈን ነው፤ ያ ጉዞ ግን የለበትም። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ምርጫውም የእናንተ አይደለም። ሌላኛውን ብታጫውቱ «ይኼ አይደለም!» ትባላላችሁ።

ለፊልሙ የተሠራ ወይስ ከውጭ የመጣ?

ኦስካር በዚህ ላይ ግልጽ መስመር አለው። በምርጥ ዘፈን ለመወዳደር ዘፈኑ ለዚያ ፊልም ተብሎ የተጻፈ መሆን አለበት። ደንቡ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1941 ምርጥ የተባለው ዘፈን ከፊልሙ በፊት የነበረ ነው፤ ዜማውን የሠራው ጀሮም ከርን ራሱ ማሸነፉ ትክክል አይደለም ካሉት አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ።

ውጤቱ ግን አስቂኝ ነው። ዊትኒ ሂውስተን በ1992 «ቦዲጋርድ» ላይ የዘፈነችው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» አሥራ አራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ለኦስካር ግን አልታጨም፤ ዶሊ ፓርተን ጽፋ በ1974 ያወጣችው ዘፈን ነበርና። ከዚያው ፊልም የታጩት «አይ ሃቭ ናቲንግ» እና «ራን ቱ ዩ» ናቸው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ከፊልሙ ስሙ የቀረው ግን ያ ያልታጨው ነው።

እስቲ ሁለቱን አነጻጽሩ። የዶሊ ፓርተን ቅጂ ስንብት ነው፤ ለብዙ ዓመት አብሯት ከሠራው ሰው ስትለያይ ነው የጻፈችው። ረጋ ያለ ነው። መሐል ላይ ግጥሙን በንግግር ትለዋለች። የዊትኒ ደግሞ ያለ ምንም ሙዚቃ ይጀምራል፤ ድምፅዋ ብቻ። ያለ ሙዚቃ ይጀመር ብሎ ሙጭጭ ያለው አብሯት የተወነው ኬቪን ኮስትነር ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይገነባል፤ ወደ መጨረሻው አንድ ጊዜ ጸጥ ይላል፣ ከበሮው «ዱም» ይላል፣ ዜማው አንድ እርከን ወደ ላይ ይወጣል። ማን ይበልጣል? የዊትኒ አፍ ያስከፍታል። ሰው የተለያችሁ ቀን ግን የዶሊን ስሙ።

ከውጭ የመጣ ዘፈን አንድ የተለየ ችሎታ አለው። ከትዕይንቱ ጋር መጣላት ይችላል። «ጉድ ሞርኒንግ ቬትናም» ላይ ሉዊስ አርምስትሮንግ «ዋት ኤ ወንደርፉል ወርልድ» እያለ ቦምብ ይፈነዳል፣ መንደር ይቃጠላል። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1965 ነው፣ ዘፈኑ ደግሞ የ1967። ማንም ግድ አልሰጠውም፤ ዘፈኑ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ተወደደ። ለፊልሙ ተብሎ የተጻፈ ዘፈን እንዲህ ያለ ምፀት ሲሞክር ብዙውን ጊዜ ይታወቅበታል።

ሌላው ችሎታው ተረስቶ የነበረን ነገር ማውጣቱ ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ ቢል መሪ የድሮ ወዳጆቹን ፍለጋ መኪና ይነዳል። ዊንስተን የተባለው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ለመንገዱ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ሲዲው ውስጥ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። «የከርሞ ሰው» ሲጀምር፣ ቢል መሪ ፊቱ ሳይንቀሳቀስ መኪናውን ሲነዳ፣ ምንም አይባልም፤ ሙዚቃው ግን ሰውየው መናገር ያቃተውን ሁሉ ይናገርለታል። እነዚያ ሥራዎች ከፊልሙ ሠላሳ ምናምን ዓመት ቀድመው የተቀረጹ ናቸው። እኛ በልጅነታችን ጆሯችን ላይ የነበረውን ነገር ሌላው ዓለም ገና «ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ጀመረ። ይህን ሙዚቃ ከፈለጋችሁ የፊልሙ አልበም ብቻ አይበቃችሁም፤ ሌሎች ዘፋኞችም ስላሉበት ትደናገራላችሁ። በ1998 የወጣው «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4 ሙሉ ለሙሉ የሙላቱ ነው፤ እሱን ያዙ።

«ካዛብላንካ»ም የውጭ ዘፈን ነው ያጀበው። «አዝ ታይም ጎስ ባይ» የ1931 ዘፈን ነው። ፊልሙ ላይ ሳም ሆኖ የሚዘፍነው ዱሊ ዊልሰን በሙያው ከበሮ መቺ ነበር፤ ፒያኖ አይጫወትም፤ ጣቶቹን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ፊልሙ በ1942 መጨረሻ ሲወጣ የአሜሪካ ሙዚቀኞች ሸክላ አንቀርጽም ብለው አድማ ላይ ነበሩ። ዊልሰን ዘፈኑን ማስቀረጽ አልቻለም። ስለዚህ ሰዉ የገዛው ሩዲ ቫሊ በ1931 የቀረጸውን አሮጌ ሸክላ ነው። እግዜር ይስጠው፣ ዛሬ የዊልሰንን ከፊልሙ ተወስዶ እናገኘዋለን። ከቫሊ ጋር አወዳድሩት፤ ለውድድርም አይቀርብም።

አልበም ስትመርጡ

አንድ ፊልም አንድ አልበም ብቻ ያለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንዱ ዘፈኖቹን የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ድርሰቱን፣ ማለትም ከትዕይንቱ ሥር የሚሄደውን ያለ ቃል ሙዚቃ። ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ «ከፊልሙ መንፈስ የተነሣ» የሚሉት ነው፤ ፊልሙ ላይ ጨርሶ ያልተሰሙ ዘፈኖች የሚገቡበት።

«ብላክ ፓንተር» ጥሩ ማሳያ ነው። በ2018 ሁለት አልበም ወጣለት። አንዱ ኬንድሪክ ላማር ያሰናዳው ነው፤ ራፕና አርኤንድቢ። አብዛኛው ፊልሙ ላይ አይሰማም። ሌላው የሉድቪግ ዮራንሶን ድርሰት ነው። ዮራንሶን ለዚህ ብሎ ሴኔጋል ሄዶ ከዘፋኙ ባባ ማል ጋር ተጓዘ። አውሮፕላኗ ዋካንዳ፣ የፊልሙ ልብ ወለድ አገር፣ ስትገባ የሚሰማው ያ ጥሪ የባባ ማል ድምፅ ነው። የንጉሡን ስም የሚጠራ የሚመስለው ከበሮ «ታማ» ይባላል፤ በብብት ተይዞ እየተጨመቀ ስለሚመታ ድምፁ እንደ ንግግር ከፍ ዝቅ ይላል። ኦስካሩን የወሰደው ይኼኛው ነው። ፊልሙን መልሳችሁ ማግኘት ከፈለጋችሁ የዮራንሶንን ምረጡ። የምትጨፍሩበት ከፈለጋችሁ የላማርን። «ብላክ ፓንተር» ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ያልጠበቃችሁት ሊመጣ ይችላል።

«ታይታኒክ» ላይ ደግሞ ድርሰቱና ዘፈኑ አንድ ሥጋ ናቸው። ጄምስ ካሜሮን መጀመሪያ ዘፈን አልፈለገም ነበር። ጄምስ ሆርነር ግን ሳይነግረው ከዊል ጄኒንግስ ጋር «ማይ ሃርት ዊል ጎ ኦን»ን ጽፎ ሴሊን ዲዮንን ለሙከራ አስቀረጻት። ያ የሙከራ ድምፅ ነው በኋላ ኦርኬስትራ ተጨምሮበት የወጣው። ዘዴው ወዲህ ነው፦ የዘፈኑ ዜማ ፊልሙን ሙሉ ከሥር ሲሄድ ይቆያል። የኖርዌይዋ ዘፋኝ ሲሰል ያለ ቃል ስታንጎራጉረው ትሰማላችሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳታውቁት ተለማመዳችሁት ማለት ነው። ስም መውረድ ሲጀምር ዲዮን ቃል ስትጨምርበት አዲስ ዘፈን አይደለም፤ የምታውቁት ነው። ለዚህ ነው አልበሙን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ስሙት የምለው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በ1998 የወጣው ሁለተኛው አልበም ላይ የተዋናዮቹ ንግግር የተቀላቀለበት የዘፈኑ ቅጂ አለ። የሚወደው አለ። እኔ ግን በዘፈን መሐል ሰው ሲያወራ አልችልም።

የ«ቦዲጋርድ» አልበም በዓለም በብዛት ከተሸጡት የፊልም አልበሞች አንዱ ነው፤ ዊትኒ የዘፈነችው ግን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ብትዘሉት የሚቀርባችሁ ብዙ አይደለም። «ሳተርደይ ናይት ፊቨር» ግን ከቢ ጂስ ውጪ ያሉትም ስለሚያስጨፍሩ መዝለል አያስፈልገውም፤ በ1979 ግራሚ የዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎታል። ከዳር እስከ ዳር ሳልዘል የምሰማው አንድ አልበም ስጠኝ ብትሉኝ ደግሞ በ1984 የወጣው የፕሪንስ «ፐርፕል ሬይን» ነው። ዘጠኝ ዘፈን ነው፤ ትርፍ የለውም።

እዚያው የተዘፈነ ወይስ ስቱዲዮ የተቀረጸ?

የሙዚቃ ፊልሞች ላይ የተለመደው መጀመሪያ ስቱዲዮ መቅረጽ፣ ከዚያ ካሜራ ፊት ከንፈር ማንቀሳቀስ ነው። አንዳንዱ ግን ይህን ይተዋል። የ2012ቱ «ሌ ሚዜራብል» ላይ ተዋናዮቹ ጆሯቸው ውስጥ በተደበቀ ማዳመጫ ፒያኖ እየሰሙ እዚያው ካሜራ ፊት ዘፈኑ። ኦርኬስትራው በኋላ ነው የተጨመረው። አን ሃታዌይ «አይ ድሪምድ ኤ ድሪም»ን ስትዘፍን ካሜራው ከፊቷ አይነሣም፤ ድምፅዋ ይሰበራል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣታል፣ ታለቅሳለች። ስትመለከቱት ሆድ ያባባል። ያለ ምስሉ ስትሰሙት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይከብዳል። እዚህ ላይ የቲያትር ቅጂ ብትመርጡ አልፈርድባችሁም።

«ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» ላይ ያለው «ሻሎው» ግን ከሁለቱም ያመልጣል። ሌዲ ጋጋና ብራድሊ ኩፐር እዚያው ነው የዘፈኑት፤ ዘፈኑ ግን ያለ ምስልም ራሱን ይችላል። እሷ መድረክ ላይ ለመውጣት ስታመነታ የምናየው ፍርሃት ድምፅዋ ውስጥም አለ።

የ«ፐርፕል ሬይን» ርዕስ ዘፈን ደግሞ መሠረቱ በነሐሴ 1983 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፈርስት አቬኑ በተባለ ክለብ፣ ሰው ፊት የተቀረጸ ነው። በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ አንጓ ተቆረጠለት፣ ማሲንቆ መሰል የክር መሣሪያዎች ታከሉበት። እናንተ ስቱዲዮ ነው ብላችሁ የምትሰሙት ጊታር የአንድ ሌሊት ጊታር ነው።

«ዋንስ» ላይ ያለውን «ፎሊንግ ስሎውሊ» የሚፈልግ ሰው ሦስት ቅጂ ይጠብቀዋል፤ ግሌን ሃንሳርድ ከባንዱ ጋር የሠራው፣ ከማርኬታ ኢርግሎቫ ጋር በጋራ አልበማቸው ላይ የሠራው፣ እና የፊልሙ። በሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ውስጥ እሷ ፒያኖ፣ እሱ ጊታር ይዘው ዘፈኑን እየተማሩ የሚዘፍኑት ሦስተኛው ነው። እሱን።

የሕንድ ፊልም ላይ ጥያቄው ራሱ ሌላ ነው። እዚያ ተዋናዩ አይዘፍንም፤ ይህን የሚደብቅም የለም። ዘፋኙ በራሱ ኮከብ ነው። ላታ ማንጌሽካር ለብዙ አሥርት ዓመታት የስንቷ ተዋናይት ድምፅ ሆናለች። ስለዚህ ስትፈልጉ በተዋናዩ ስም አትፈልጉ፤ በዘፋኙና በዜማ ደራሲው ፈልጉ። «ቻይያ ቻይያ»ን በሻህ ሩክ ካን ስም ከመፈለግ በኤ. አር. ራህማንና በሱክዊንደር ሲንግ ብትሉ ይቀላችኋል። ቋንቋም አለ። በ2023 ኦስካር የወሰደው «ናቱ ናቱ» በቴሉጉ ነው የተጻፈው፤ በሂንዲና በታሚል የተዘፈኑ ቅጂዎችም አሉት። ሁለቱ ተዋናዮች ኪየቭ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ሲጨፍሩ እግራቸው የሚመታው ከቴሉጉው ቃላት ጋር ነው፤ በሌላ ቋንቋ ስትሰሙት ዳንሱ ትንሽ ወደ ጎን የሄደ ይመስላል።

ለምን እንደምትፈልጉት

ለሩጫና ለጂም ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። «ሉዝ ዩርሰልፍ» አለ፤ ኤሚነም በ«ኤይት ማይል» ቀረጻ እረፍት መሐል የጻፈው፣ ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ራፕ። «ስቴይን አላይቭ»ም አለ፤ በደቂቃ 103 ምት ገደማ ስለሆነ ልቡ የቆመ ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫን ለማስተማር ይጠቀሙበታል። ለፈጣን እርምጃ ተስማሚ ነው፤ ትራቮልታም ፊልሙ መጀመሪያ ላይ የቀለም ቆርቆሮ ይዞ የሚራመደው በእሱ ነው።

ሰው ፊት ለመዝፈን ከሆነ የዊትኒን አትሞክሩ። መጀመሪያው ቀላል ስለሚመስል ነው የሚያታልለው፤ ያ ከበሮ ሲመጣ ግን መውጫ የላችሁም። «ሙን ሪቨር» ለዘፋኝ ያልሆነ ሰው የተለካ ነው አልኩ አይደል? እሱን ያዙ።

ሽልማትን መመሪያ አታድርጉ። ቢ ጂስ ለ«ሳተርደይ ናይት ፊቨር» ዘፈኖቻቸው ለኦስካር አንድ ዕጩነት እንኳ አላገኙም። «አይ ኦፍ ዘ ታይገር» ታጭቶ ተሸነፈ። የጄምስ ቦንድ ዘፈኖች ከሸርሊ ባሲ «ጎልድፊንገር» ጀምሮ ስንት ሲወደዱ ኖረው፣ የመጀመሪያው ኦስካር የመጣላቸው በአዴል «ስካይፎል» ነው፤ ፊልሙ የ2012 ነው።

የትኛው ቅጂ እንደነበር በእርግጠኝነት ማወቅ ከፈለጋችሁ ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚወርደውን ስም አትዝለሉ። ዘፈኖቹ የሚዘረዘሩት ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ከሾፌሮቹና ከምግብ አቅራቢዎቹ በኋላ ነው። ርዕሱ ይጻፋል፣ ከሥሩ ደራሲው፣ ከዚያ ዘፋኙ። ቀጥሎ «በእገሌ ሙዚቃ ኩባንያ ፈቃድ» የሚል መስመር ካለ ቀረጻው ብዙውን ጊዜ ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ ሳይሆን ከኩባንያው የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ የዘፋኙን የራሱን አልበም ፈልጉ። ያ መስመር ከሌለ መጀመሪያ የፊልሙን አልበም ፈልጉ። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነና ስለሚሮጥ እዚያ ላይ አቁሙት።